በሞቴ ብዬ ያቀበልኳት ማቴ

መርዶው የደረሰኝ ማለዳ፣ ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ማንጎራጎር ሲጀምር ነው። ይህቺ አፍታ ለእኔ የሥራ አፍታ ናት። ውሃው ከፈላ ማቴው ይቃጠላል፣ በደንብ ካልሞቀ ደግሞ ቅጠሉ ጣዕሙን አይለቅም፤ ስለዚህ ድምፁን እየሰማሁ ቆሜ እጠብቃለሁ እንጂ በዚያች ሰዓት ስልክ አላነሣም። የዚያን ዕለት ግን አነሣሁት። ፀሐይ ነበረች፣ የልደታ ጎረቤታችን ልጅ፣ በድምፅ መልእክት ልካልኝ። "እትዬ ጥሩነሽ፣ እንዴት ሰነበቱ? ብቻዎን ነዎት ወይስ ሰው አለ አጠገብዎ?" ብላ ስትጀምር ገባኝ። የእኛ ሰው ብቻሽን ነሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ለደግ ነገር አይደለም። "እትዬ ብርቄ ዐረፉ። ቀብራቸው ትናንት ተፈጸመ።" ውሃው ሲፈላ፣ ሲገነፍል፣ እሳቱን ሲያጠፋው ቆሜ አየሁት፤ እጄን አልዘረጋሁም።

እትዬ ብርቄ ማን ናት ለምትሉ፣ የወለደችኝ አይደለችም። እናቴ በዘጠኝ ዓመቴ ስትሞትብኝ፣ በአንድ አጥር የምንለያይ ጎረቤታችን ነበረችና ከለቅሶው ድንኳን እጄን ይዛ ወደ ቤቷ አስገባችኝ፤ ከዚያ ወዲያ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ለስሙ እትዬ እላታለሁ እንጂ አንቱ ብያት አላውቅም፤ ሰው እናቱን አንቱ አይልም። ልጅነቴም ጉልምስናዬም እሷ ቤት አለቀ፤ በሠላሳ አራት ዓመቴ እንጀራ ፍለጋ ወደ ሊባኖስ ተሻግሬ፣ ይኸው ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ። በመካከሉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ለፈቃድ አገሬ ገብቻለሁ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ወረቀት፣ ኋላ ጦርነት፣ ኋላ ደግሞ የአሠሪዬ እርጅና እየያዘኝ አልተመለስኩም። በስልክ ግን ሳምንት አላሳልፍም ነበር።

አልቅሼ ሲወጣልኝ ለፀሐይ መልሼ ደወልኩ። እንዴት እንዳረፈች፣ ማን ማን እንደ ቀበራት፣ ድንኳኑ የት እንደ ተተከለ ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ፣ እትዬ ጥሩነሽ። ሥጋ ወደሙን ሳይቀበሉ ሄዱ። ቄስ እናምጣልዎት ስንላቸው 'ቆዩ፣ ቆዩ' እያሉ።"

"ቆርባ አታውቅም እንዴ?" አልኩ። የማታስቀድስበት ቀን የሌላት ሴት ናትና አልመሰለኝም ነበር።

"አንድ ጊዜ አስበው ነበር። በመጨረሻ ሰሞን ነው የነገሩኝ። እርስዎ የመጡ ጊዜ ለግንቦት ልደታ። ንስሐቸውን ጨርሰው፣ ነፍስ አባታቸው ፈቅደውላቸው፣ ቀኑ ተቆርጦ። ሄደው ግን ሳይቀበሉ ተመለሱ።"

"ለምን?"

"እኔም ለምን አልኳቸው። 'ሳልጠነቀቅ ቀረሁ' አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም። ከዚያ ወዲያ ነፍስ አባታቸው ዐረፉ፣ ሰፈሩም ፈረሰ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከእኛ ራቀ።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቀኑን ቆጠርኩ። የግንቦት ልደታ። ዋዜማው። ደጅ የተቀመጥነው። ሊቆርብ የተዘጋጀ ሰው ዐሥራ ስምንት ሰዓት እህል ውሃ በአፉ እንደማይገባ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ በዚያ ዋዜማ፣ በዐሥር ሰዓት ግድም፣ በገዛ እጄ፣ በሞቴ ብዬ፣ ማቴ አቀብያት ነበር።

ማቴ ምን እንደሆነ የማታውቁ ትኖራላችሁና ልንገራችሁ። ከወደ አርጀንቲና የሚመጣ ደረቅ ቅጠል ነው። የዚህ የሊባኖስ ተራራ ሰዎች ድሮ ወደዚያ ተሰደው፣ ሲመለሱ ልማዱን ይዘውት ገቡ አሉ፤ አሁን ያለሱ አይነጋላቸውም። አሠሪዬን ሰው ሁሉ በበኩር ልጃቸው ስም ኡም ሳሊም ይላቸዋል። ነጭ ሻሻቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ ሲቀመጡ፣ ሃይማኖታችን ለየቅል ቢሆንም፣ ከሩቅ ለሚያያቸው የልደታን ደጅ ልትሳለም የመጣች አሮጊት ይመስላሉ። ወደ ቤታቸው የገባሁ ዕለት ያስተማሩኝ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። ቅሉን (አዎ፣ የእኛው ዓይነት ትንሽ ቅል ናት) ከግማሽ በላይ በቅጠሉ ትሞያለሽ። አፉን በመዳፍሽ ከድነሽ ትገለብጪና ታራግፊዋለሽ፤ መዳፍሽ ላይ የቀረውን ብናኝ እፍ ትዪዋለሽ። ጋደል አድርገሽ ቅጠሉን በአንድ ወገን ትቆልዪና፣ በባዶው ወገን ለብ ያለ ውሃ ጨምረሽ ጠጥቶ እስኪያብጥ ትታገሺዋለሽ። ከዚያ ጫፉ እንደ ወንፊት የተበሳሳውን የብረት መምጠጫ፣ አፉን በአውራ ጣትሽ ደፍነሽ፣ እስከ ታች ትሰኪዋለሽ፤ አንዴ ከተሰካ አይነቃነቅም። ሙቁን ውሃ ሁልጊዜ በመምጠጫው ሥር፣ በዚያው በአንዱ ቦታ፣ ቀስ ብለሽ ታወርጂዋለሽ። የመጀመሪያውን ያዘጋጀችው ራሷ ትጠጣዋለች፤ ምሬቱም ብናኙም እሱ ውስጥ ስለሆነ ለእንግዳ አይሰጥም። ከዚያ አንድ ቅል፣ አንድ መምጠጫ፣ ለሁሉም። ተራው የደረሰው ሰው መምጠጫው አየር ስቦ እስኪጮህ ድረስ ጨርሶ ለቀጂዋ ይመልሳል፤ ቀጂዋ ጫፉን በሎሚ ልጣጭ ጠርጋ፣ ውሃ ሞልታ፣ ለሚቀጥለው ታቀብላለች።

መጀመሪያ ተጸየፍኩት፣ አልዋሽም። የሰው አፍ የነካውን! ኋላ ግን የማኅበር ጽዋችንን አስታወሰኝና ለመድኩት፤ ከመልመድም አልፌ ወደድኩት። በሰው አገር ከሰው ጋር እኩል የሚያስቀምጠኝ ሌላ ነገር አልነበረኝም። ኡም ሳሊም፣ እኔ፣ ጎረቤታቸው፣ አንዳንዴም ወይራ ለቃሚዎቹ፣ ቅሉ ማንንም ሳይዘል ይዞራል። ዙሩ ውስጥ እስካለሽ ድረስ ሠራተኛ ነሽ የሚልሽ የለም።

ስለዚህ ለፈቃድ ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ ያስቀደምኩት ወርቅም ሽቶም አልነበረም፤ ሁለት እሽግ ማቴና ቅሉን ከነመምጠጫው ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ሳለሁ የማስበው እትዬ ብርቄን በዚያ ዙር ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። የማውቃት ሁልጊዜ ለሰው ስትቀዳ ነዋ፤ ለእሷ የሚቀዳላት ሰው አይቼ አላውቅም። ነጠላ ቋጪ ነበረች። ሸማኔው ሠርቶ ያመጣውን ነጠላ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ከጫፉ የተንጠለጠለውን ክር በመዳፏ እያሸች፣ እየገመደች ትቋጨዋለች። ለአንድ ነጠላ ሃምሳ ሳንቲም ይከፈላት ነበር፤ ለጥምቀትና ለፋሲካ ሰባ አምስት። በዚያ ዘመን ከልደታ እስከ ተክለ ሃይማኖት በውይይት ታክሲ ዐሥራ አምስት ሳንቲም ነው፤ እኛ ግን የተቋጨውን ነጠላ በአንሶላ ጠቅልለን፣ እኔ በኮንጎ ጫማዬ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚያቃጥል ዝናብ ሲገባው የሚጮህ ጫማ፣ እሷ በሸራ ጫማዋ፣ በእግራችን እንወጣዋለን። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር መታጠፊያው ላይ ካሴት የሚቀዳ ሱቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት መዝሙር ይከፍታል፣ ከምሳ በኋላ ዘፈን። እትዬ ብርቄ "ዘፈን ኃጢአት ነው፣ ጆሮሽን ያዢ" ትለኛለች፤ ቤት ገብታ ስትቋጭ ግን ጣቶቿ የሱቁን ምት ይዘው ሲገምዱ አያቸዋለሁ። ያንን ነግሬያት አላውቅም። ዛሬ ይህን ሁሉ የማነሣው ሰው እንድትሆንላችሁ ነው፤ እኔ አሁን ስለ እሷ ሳስብ ሌላው ሁሉ ይጠፋና ያቺ አንዲት ከሰዓት ብቻ ትመጣብኛለች።

በሰፈራችን የግንቦት ልደታ ንፍሮ ጣሪያ ሥር አይበላም፤ በዋዜማው ደጅ ወጥቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። የዚያን ዕለት ከኛ በር እስከ ቧንቧው ድረስ አግዳሚና በርጩማ ተደርድሯል። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው የሚባልበት ሰሞን ስለነበር ሰው ሁሉ ደግ ሆኗል፤ ተኳርፈው የነበሩ እንኳ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠዋል። ንፍሮው ሲዞር እትዬ ብርቄ መዳፏን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ "ጥርሴን ዛሬ አሞኛል" አለች። ማንም አልተጠራጠረም። አሁን ነው የገባኝ። ሊቆርብ ያሰበ ሰው ለወሬ እንዳይሆን ይደብቃል፤ ነገ እቆርባለሁ ብሎ በአደባባይ የሚናገር የለም።

እኔ ከሰሉ ላይ ማንቆርቆሪያዬን ጥጄ፣ ቅሉን አዘጋጅቼ ብቅ ስል፣ ባልንጀራዬ ዘነበች ከሩቅ ጀመረችኝ። "ይኼ ነው የዐሥራ አንድ ዓመት ስጦታሽ? ቅል? ቅልማ እኛም አለን።"

"ውስጡን እዪው እንጂ።"

አጎንብሳ አየች። "ድርቆሽ! ሰዎች፣ ጥሩነሽ ድርቆሽ ይዛልን መጣች! በግ መስለናታል።"

ልብስ ሰፊው ጋሽ ታፈሰ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ "ተያት ዘነበች፣ ፈረንጅ አገር ሰው የሚድነው በቅጠል ነው" አሉ።

"ምኑ ነው ፈረንጅ አገር፣ ጋሽ ታፈሰ? ዐረብ አገር ነው ያለችው።"

"ለእኔ ከሜክሲኮ አደባባይ ወዲያ ያለው ሁሉ ፈረንጅ አገር ነው።"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ኮራ ብዬ ሕጉን ነገርኳቸው፣ ልክ እንደ ኡም ሳሊም፣ አንድ ጣቴን አንሥቼ። አንድ ቅል ለሁሉም ነው፤ ተራውን የሚዘል የለም፤ መምጠጫው ሳይጮህ የሚመልስ የለም። የሎሚውን ልጣጭ ሳወጣ ዘነበች፣ "አፋችንን ልታጥቢልን ነው? ኧረ ተይ፣ ጧት ፍቀነዋል" አለች። የመጀመሪያውን ጠጣሁት። ሁለተኛውን ቀድቼ ቀጥታ ወደ እትዬ ብርቄ ሄድኩ።

"እትዬ፣ ይኼ አይታኘክም። ለጥርስሽ የተፈጠረ ነው።"

"ነገ እቀምሰዋለሁ፣ ልጄ።"

"ነገ በጠዋት የወረቀት ቀጠሮ አለብኝ፤ ነገ ማን ይቀዳልሻል?"

"ግድ የለም፣ ለእነሱ ስጪ። እኔ ላይሽ።"

"አይሆንም፣ ካንቺ ነው የሚጀመረው።"

"ተይኝ፣ ጥሩዬ።"

"በሞቴ!" አልኳት።

ይህ ቃል በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የጠገበን ሰው ያጎርሳል፣ የተቀየመን ያስታርቃል። ክፉ ሆኜ አልነበረም፤ ዐሥራ አንድ ዓመት የከረመብኝ ናፍቆት ነው ያናገረኝ። እትዬ ብርቄ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ልትለኝ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ ግን ይመለከታል፣ ዘነበች እያጨበጨበች "ጠጪላት እንጂ፣ ልጅሽን ልትገድያት ነው?" ትላለች። ቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው የማላውቀው። ያኔውኑ ጋሽ ታፈሰ "ውሃሽ ሊፈላ ነው!" ብለው ጠሩኝ፤ ዞሬ ማንቆርቆሪያውን ከከሰሉ ላይ አነሣሁ። ስመለስ እትዬ ብርቄ ቅሉን ወደ እኔ ዘርግታለች፣ ፈገግ ብላ። መምጠጫው ሲጮህ አልሰማሁም፤ ግን ሁሉም ያወራ ስለነበር ቢጮህም ላልሰማው እችላለሁ። ቅሉ ከባድ ይሁን ቀላል አላስተዋልኩም። ጠርጌ፣ ቀድቼ፣ ለሚቀጥለው አቀበልኩ። ዘነበች ተራዋ ሲደርስ አንዴ ስባ ፊቷን አጨማደደችና "ኮሶ! ወይኔ፣ ኮሶ ነው ያጠጣሽኝ!" ብላ ሳትጨርስ መለሰችልኝ። እናም ከዙሩ በአንዱ ላይ፣ ስቀዳ፣ ገና ጥቂት እንዳወረድኩ ቅሉ ሞልቶ ሙቁ ውሃ በእጄ ላይ ፈሰሰ። ጋሽ ታፈሰ፣ "ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መቅዳት እንኳ አላስተማሩሽም?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፣ እኔም ሳቅሁ።

ቅሉ ሲቀዳበት ገና በጥቂት ውሃ ከሞላ፣ ከእኔ በፊት የያዘው ሰው ውሃውን ትቶታል ማለት ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ስቀዳ ይህን አውቃለሁ። ግን የተወችው ዘነበች ናት ወይስ እትዬ ብርቄ? እጄ መቃጠሉ ትዝ ይለኛል፤ የጋሽ ታፈሰ ሳቅ ትዝ ይለኛል፤ ለማን ስቀዳ እንደነበር ግን፣ ከእትዬ ብርቄ ቀጥሎ ላለው ይሁን ከዘነበች ቀጥሎ ላለው፣ ቆሜም ተኝቼም ባስብ አልመጣልኝም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ለቀጠሮዬ ስወጣ እትዬ ብርቄ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ አዲስ የተቋጨ ነጠላዋን ደርባ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ለበዓሉ ነው ብዬ "ለእኔም ጸልዪልኝ" አልኳት። "እሺ" አለች፣ ዐይኔን ሳታይ። ከሰዓት ስመለስ የትናንቱን ንፍሮ አሙቃ ትበላለች። "ጥርስሽ ዳነ?" አልኳት። "ዳነ" አለችኝ። በቃ። እኔም ደስ አለኝ፤ ማቴው ነው ያዳነሽ ብዬ እንኳ ቀለድኩባት። ወደ ሊባኖስ ከተመለስኩ ወዲህ የሰማኋት ሁሉ በስልክ ነው፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት። አንድም ቀን አላነሣችብኝም። እንዲያውም "ያ ቅጠልሽ ዛሬም አለ? ሴትዮዋስ ይጠጣሉ?" ብላ ትጠይቀኝ ነበር። ያኔ የምትጠይቀኝ ወዳው ነው እል ነበር፤ አሁን ደግሞ እንዳልጠረጥር እየሸፈነችልኝ ይሆን እላለሁ።

ኡም ሳሊም በዚያ መርዶ ጠዋት ማቴያቸው ሲዘገይባቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ማድ ቤት መጡ፤ ዕድሜያቸው አሁን ሰማንያ ስምንት ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። "ጠጥታልሽ ከሆነ ወዳሽ ነው፤ እናት ልጇን በሰው ፊት አታሳፍርም። ምን ያስለቅስሻል?" አሉኝ። ያ ነው ያስለቀሰኝ። ቤሩት ወርጄ ለነፍስ አባቴም ተናገርኩ። "ሳታውቂ ያደረግሽው ነው" ብለው ቀኖናዬን ሰጥተውኛል፤ ስግደቱን ጨርሻለሁ። ግን ቀኖና ለእኔ ነው፤ እሷስ? ያቺ ሴት በሕይወቷ አንዲት ቀን ለራሷ ቆረጠች፤ ያቺን ቀን እኔ ወስጄባት ከሆነ፣ በእኔ ፋንታ "ሳልጠነቀቅ ቀረሁ" ብላ በራሷ ላይ አድርጋው ሞታለች ማለት ነው። ካልጠጣችው ደግሞ፣ የቀረችበት ምክንያት ከነፍስ አባቷና ከአምላኳ ጋር ያለ የራሷ ነገር ነውና እኔ ልመራመረው አይገባኝም፤ ዝም ብዬ አለቅሳታለሁ። ሁለቱ ለቅሶ አንድ አይደለም። የትኛውን እንደማለቅስ አላውቅም።

ፀሐይን ጠይቄያታለሁ። ያኔ ተጨማሪ በርጩማ ልታመጣ ቤት ገብታ ነበርና አላየችም። ሌሎቻችሁ ሰፈሩ ሲፈርስ አንዱ ወደ ጀሞ፣ አንዱ ወደ ጎፋ፣ አንዱ ወደማላውቀው ተበትናችኋል፤ የማንኛችሁም ስልክ እኔ ዘንድ የለም። ይህን የምጽፈውም ስለዚህ ነው፤ የልደታ ሰው የልደታን ነገር ሲያገኝ ማንበቡ አይቀርም ብዬ። ዘነበች፣ እህቴ፣ በሕይወት ካለሽ። ጋሽ ታፈሰ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ሰጥቶዎት ከሆነ። በዚያ ዋዜማ ደጃችን የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ አርባዋ ሳይወጣ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱልኝ፤ ከእትዬ ብርቄ ቀጥሎ የተቀመጠው ማን ነበር? ውሃው እጄ ላይ የፈሰሰው ለማን ስቀዳ ነው? ከእናንተ ውስጥ ስትጠጣው በዐይኑ ያየ አለ? እኔን ለማጽናናት ብላችሁ አትንገሩኝ፤ ያላያችሁትንም አትጨምሩ። ጠጥታው እንደሆነ ጠጥታዋለች በሉኝ፤ እችለዋለሁ። ለፀሐይ ንገሯት፣ እሷ ታደርስልኛለች።